መስመር ለብቻው አይሰክርም

እትዬ ዘሀራ ማረፋቸውን ያወቅሁት ስልኬ ላይ በደረሰኝ የሐዘን መግለጫ ነው። ማን እንዳዘጋጀው አልጠየቅሁም። ጽሑፉ በቀኝ በኩል ከወረቀቱ ወጥቶ ተቆርጧል፤ «ወ/ሮ ዘሀራ ሰ» ይልና ያበቃል። የአባታቸው ስም የት እንደገባ አላህ ይወቅ። ከታች ግማሽ ገጽ ባዶ ሜዳ ተንጣሏል። ፎቶግራፋቸው ወደ ጎን ተለጥጦ፣ እኒያ ሸንበቆ የመሰሉ ሴት የወፍጮ ቤት ባለቤት መስለዋል።

መጀመሪያ አለቀስሁ። ቀጥዬ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሣቅሁ። ድምፃቸው ጆሮዬ ላይ መጥቶብኝ ነው፤ «ይህን የሠራውን ሰው እጁን ይዛችሁ አምጡልኝ። አልመታውም፤ መልኩን ማየት ብቻ ነው የምፈልገው።»

ከእትዬ ዘሀራ ጋር ቢቸና ላይ፣ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለች አንዲት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ጽፈናል። ማመልከቻ፣ ውል፣ ይግባኝ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የሥራ መልቀቂያ፤ ያልጻፍነው ነገር የለም። እሳቸው የሞጣ ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ናቸው። መጀመሪያ ባላቸውን ተከትለው ቢቸና መጡ፤ ባልየው ሄደ፣ ሁለተኛ አገቡ፣ እሱም ሄደ፤ እሳቸው ቀሩ። መንግሥት መሥሪያ ቤት ገብተው በጽሕፈት መኪና ሲመቱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ «አሁን ገና እጄ ሊፈታ» ብለው አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር ገዝተው ያችን ቤት ከፈቱ። እኔ ከደብረ ኤልያስ ዲፕሎማዬንና ሁለተኛውን ኮምፒውተር ይዤ ደባል ገባሁ። ዲፕሎማው የኮምፒውተር ነው። እንደ ታቦት አክብሬ ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ነበር።

የመጀመሪያው ቀን አንድ ማመልከቻ ጽፌ ከመጨረሴ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። ቀኑን ወደ ቀኝ ለመውሰድ ስፔሱን ሃያ ሠላሳ ጊዜ ስደበድብ ዐይተውኛል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ቀኑን ወደ ዳር እየወሰድሁት ነው፣ እትዬ።»

«እየገፋኸው ነው እንጂ መች ወሰድኸው! በስፔስ የቆመ ጽሑፍ በድንጋይ እንደተደገፈ በር ነው፤ ነፋስ ሲመጣ ታየዋለህ።» ማውዙን ከእጄ ነጥቀው አንድ ቦታ ነካ ሲያደርጉ ቀኑ በሥርዓት ሄዶ ዳር ላይ ቆመ። ቀጥለው አዲስ ገጽ ለመጀመር ኢንተርን ደጋግሜ ስመታ ያዙኝ። «አንተ ልጅ፣ ከዚህ ሞጣ ለመሄድ የሰውን በር ሁሉ እያንኳኳህ ነው የምትሄደው? አውቶቡስ አለ እኮ!» አሉና ገጽ መቁረጫውን አሳዩኝ። ከዚያ ወደ ዲፕሎማዬ ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ፍሬሙ ጥሩ ነው፤» አሉ።

በሳምንቱ ዲፕሎማውን አወረድሁት።

የእትዬ ዘሀራ ሃይማኖት፣ ከሶላታቸው ቀጥሎ፣ ማርጂን ነበር። ግራው ሦስት ሴንቲ ተኩል፣ ቀኙ ሁለት፣ ላዩ ሁለት ተኩል። ከፕሪንተሩ የወጣ ወረቀት ሁሉ በላስቲክ ማስመሪያቸው ሳይለካ ከቤት አይወጣም። ግራው ለምን እንደሚሰፋ ሲጠየቁ የሚያወሩት ታሪክ ነበራቸው። ድሮ አንድ ጸሐፊ የግራውን ዳር አጥብቦ የአንድ ተከሳሽ መልስ ጻፈለት። መዝገብ ቤት ፋይል ውስጥ ሊያስገቡት ሲበሱት ቀዳዳው በቃሉ ላይ አረፈ። ሰውየው «አልደበደብሁትም» ብሎ ነበር፤ «አል» ተበስቶ ወጣና «ደበደብሁትም» ሆኖ ቀረ። «ደብድቦም እንደሆነ እንጃ፤ ግን በመብሻ መፈረድ የለበትም፤» ይሉ ነበር። ታሪኩ እውነት ይሁን ፈጠራ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሲያወሩት ተከሳሹ አንዳንድ ጊዜ የደብረ ወርቅ ሰው ነው፣ አንዳንድ ጊዜ የሞጣ።

ደንበኛ ሁሉ ከሳቸው ጋር ይጣላል። አንድ ቀን አንድ ገበሬ «እትዬ፣ ጠጋ ጠጋ አድርገው ይጻፉልኝ፤ ባንድ ወረቀት ይለቅ፤» አላቸው።

«ስታርስ ከጎረቤትህ ጋር ወሰን ትተዋለህ ወይስ ጠጋ ጠጋ ታደርጋለህ?»

«እተዋለሁ እንጂ።»

«ወሰን ገፍተህ ያረስህ ለትስ?»

ገበሬው ኮፍያውን አውልቆ አሻሸ። «ይኸው እዚህ መጣሁ፤ ክሱ እሱ ነው።»

«በል ቁጭ በል፤ በሁለት ወረቀት ነው የምጽፍልህ።»

ቅድስት ሴት ነበሩ እያልሁ አይደለም። ምላሳቸው ክፉ ነው። የሰው ማመልከቻ ሲጽፉ ጉዳዩን ጭምር ይዳኙ ነበር። ሚስቱን ሊፈታ የመጣ ሰው ምክንያቱን ሲያጽፋቸው ጣታቸውን ከኪቦርዱ ላይ አንስተው «ይህ እኮ ምክንያት አይደለም፤ ይህ ስንፍና ነው። ሂድና ሌላ ይዘህ ና፤» ብለው መልሰውታል። ያልወደዱት ደንበኛ ሲመጣ ድንገት ጆሯቸው ይደነቁራል። «ይቅርታ» የሚለውን ቃል ለሰው ሺህ ጊዜ ጽፈውታል፤ ከአፋቸው ሲወጣ ግን እኔ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ የፈላ ሻይ እግሬ ላይ ደፍተው ያሉኝ «እግርህን ምን እዚያ አስቀመጠው?» ነው።

ከሁሉ የሚወዱት ደንበኛ ከደብረ ወርቅ የሚመጡ አንድ መሪጌታ ነበሩ። የቅኔ መምህር ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን የተቀኟቸውን ቅኔዎች በኮምፒውተር ማስጻፍ ፈልገው በየገበያው ቀን ይመጣሉ። መሪጌታ ከነማተባቸው፣ እትዬ ዘሀራ ከነሻርፓቸው፣ አንድ ስክሪን ላይ ተደፍተው ሲጨቃጨቁ ማየት ከሠርግ ይበልጥ ነበር። አንድ ቀን መሪጌታ ጠየቁ።

«ይህ ማርጂን የሚሉት፣ በኛ አገር ስም የለውም?»

«እርስዎ ይንገሩን እንጂ፣ የኔታ።»

«ኅዳግ ነው። ኀደገ ማለት ተወ ማለት ነው፤ ጸሐፊው ሳይጽፍበት የተወው ዳር። ሚስቱን የፈታም እንዲሁ ኀደገ ይባላል።»

እትዬ ዘሀራ መነጽራቸውን አወለቁ። «የፈታ? እንግዲያውስ እኔም ኅዳግ ነኝ በሉኛ! ያውም የሁለት ሰው፤ በግራም በቀኝም።»

መሪጌታ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሣቁ። «ይችን እንኳ እኔም አልዘርፋት!» አሉ። ከዚያ ወዲያ ማርጂን ማለት ቀረ፤ ኅዳግ ሆነ።

አሁን ወደማልረሳው ነገር ልምጣ።

እማማ አትጠገብ የሚባሉ ባልቴት መንገድ ዳር ሁለት ክፍል ቤት ከነግቢው ነበራቸው። ባል ሞቷል፣ ልጆች የሉም። ቤቱን ለአንድ እህል ነጋዴ፣ ለአቶ ብናልፈው፣ ለአምስት ዓመት አከራዩ። ውሉን የጻፉት እትዬ ዘሀራ ናቸው። ነጋዴው በፈቃዳቸው ግቢው ውስጥ መጋዘን ሠራ። አምስቱ ዓመት ሲያልቅ እማማ አትጠገብ «እንግዲህ ልቀቅልኝ» ሲሉት፣ ወረቀቱን ዘረጋላቸው። ከፊርማው በላይ እንዲህ የሚል ዐረፍተ ነገር ነበር፤ «ተከራይ በግቢው ውስጥ የሠራው ማንኛውም ቤት የኪራይ ዘመኑ ሲያበቃ ከነቦታው የተከራይ ንብረት ይሆናል»።

እማማ አትጠገብ ማንበብ አይችሉም። በእጃቸው የነበረውን ውል ነጋዴው ቀደም ብሎ «ፎቶ ኮፒ ላስነሳበት» ብሎ ወስዶ፣ የመለሰላቸው ዋናውን ሳይሆን፣ ያ ዐረፍተ ነገር ያለበትን የራሱን ኮፒ ነው። ከሁለቱ ምስክሮች አንዱ ሞቷል፤ አንዱ «አላስታውስም» ብሏል። ባልቴቷ ወረቀቱን ይዘው እኛ ቤት መጡ፤ እትዬ ዘሀራ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡና «አንቺ ነሽ ይህን የጻፍሽብኝ?» አሏቸው። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር።

እትዬ ዘሀራ ወረቀቱን አነበቡ። ደግመው አነበቡ። «ይህን ዐረፍተ ነገር እኔ አልጻፍሁም፤» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ፋይሉን አውጣው።»

ያን የሳቸውን ኮምፒውተር ከዓመት በፊት ቫይረስ ገብቶበት ፎርማት ያደረግሁት እኔ ነኝ። ፋይሎቹን ወደ ፍላሽ ሳላወጣ፣ «ድሮ የተጻፈ ውል ማን ይጠይቃል» ብዬ፣ ጠራርጌ አጥፍቼዋለሁ። ይህንኑ ነገርኋቸው።

ስድብ ጠበቅሁ፤ አልሰደቡኝም። «ዲፕሎማውን መልሰህ ስቀለው፤» አሉ ብቻ። ከስድብ ሁሉ ይህ አመመኝ።

ከዚያ የባሰውን እሳቸው ራሳቸው አዩ። ጣታቸውን ከተጨመረው ዐረፍተ ነገር ሥር አደረጉ። በመጨረሻው አንቀጽና በፊርማው መካከል ሰፊ ባዶ ቦታ የመተው ልማድ ነበራቸው። «ሰው ሲፈርም እጁ ይንቀሳቀስበት፣ ወረቀትም ይተንፍስ» ይሉ ነበር። ነጋዴው የተፈረመውን ወረቀት ሌላ ቦታ፣ ሌላ ፕሪንተር ውስጥ መልሶ ከትቶ ያንን ባዶ ቦታ ሞልቶታል። ሌባው የገባው እሳቸው በተዉት በር ነው።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ብናልፈው ራሱ መጣ። ትሕትናው ቅቤ ይመስላል። «እትዬ ዘሀራ፣ ባልቴቷ ሊከሱኝ፣ እርስዎም ምስክርነት ሊጠሩ ነው አሉ። ‹ጽፌዋለሁ› ማለት ብቻ ነው፤ የጻፉት እርስዎ ነዎት፣ ውሸት የለበትም። አለበለዚያ ግን፣ ‹ዘሀራ ባዶ ቦታ እየተወች ሰው አዘረፈች› ይባላል። ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጠው እንዲህ ከተባለ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ውል ያጽፋል?»

«እሺ፣ ደህና ይዋሉ፤» አሉት። የሰሙም ያልሰሙም ሳይመስሉ።

ሲወጣ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ዝም እንዲሉ መከርኋቸው። ዳቦዬ እዚያ ቤት ውስጥ ነበር። «እትዬ፣ ፋይል የለን፣ ማስረጃ የለን። አልጻፍሁም ቢሉ ማን ያምንዎታል? ይለፉት።»

«ስሙ ብናልፈው ስለሆነ አልፈዋለሁ?» አሉና ማስመሪያቸውን አንስተው ወረቀቱን መለካት ጀመሩ። ቀኑን ሙሉ ለኩ። እኔ ለሳቸውም ደንበኞች ስጽፍ ዋልሁ።

የቀጠሮው ቀን ችሎቱ ሞልቶ ነበር። ዳኛው ወጣት ናቸው፤ የነጋዴው ጠበቃ ባለ ሱፍ። እትዬ ዘሀራ በቁርኣን ምለው ቆሙ፤ ማስመሪያቸውን ከቦርሳቸው አወጡ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ የኔ ጽሑፍ ሁሉ ከግራው ዳር ሦስት ሴንቲ ተኩል ላይ ይጀምራል። እዚህ ወረቀት ላይ ያሉት መስመሮች በሙሉ እዚያው ላይ ናቸው። ይህ ዐረፍተ ነገር ሁለት መስመር ነው፤ ሁለቱም ሦስት ሴንቲ ከሁለት ሚሊ ላይ ይጀምራሉ። እኔ አራት ነጥብን በአንድ ቁልፍ ነው የምመታው፤ እዚህ ግን ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ተመትቶ ጎን ለጎን ቆሟል። ይለኩት።»

ዳኛው ማስመሪያውን ተቀብለው ለኩ። ጠበቃው ተነሣ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ወረቀት ፕሪንተር ውስጥ ይዛነፋል። የሦስት ሚሊ ልዩነት ማስረጃ አይሆንም።»

«ይዛነፋል፣ እውነት ነው፤» አሉ እትዬ ዘሀራ። «ግን ሲዛነፍ ሁሉም አብሮ ነው የሚዛነፈው። ሠላሳ መስመር ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ መስመር ለብቻው አይሰክርም።»

ችሎቱ ሣቀ። ዳኛው ጠረጴዛ መቱ፤ ግን እሳቸውም ከንፈራቸውን ነክሰው ነበር። ጠበቃው ሣቁ እስኪበርድ ጠበቀና ቢላዋውን አወጣ።

«መልካም። እንግዲያው ይህን ያህል ባዶ ቦታ ከፊርማ በላይ የተዉት ለምንድን ነው? ለማን ብለው?»

መጀመሪያ የእትዬ ዘሀራ ጆሮ የደነቆረ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ግን ወደ ዳኛው ሳይሆን ወደ እማማ አትጠገብ ዞሩ። ባልቴቷ ከፊት አግዳሚ ላይ ዱላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«ለማንም ብዬ አይደለም። ስለሚያምር ነው። ወረቀት ይተንፍስ ብዬ የተውሁት ቦታ ሌባም እንደሚተነፍስበት አላሰብሁም። ይህን ሁሉ ዘመን ጽፌ ይህን አለማሰቤ ጥፋቴ ነው።» ድምፃቸው ወረደ። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

እማማ አትጠገብ ዱላቸውን መሬት ላይ ነካ አደረጉ። «ቀጥዪ፤ ገና አልጨረስሽ፤» አሏቸው።

ዳኛው ነጋዴው ያቀረበው ዋናው ወረቀት ለምርመራ እንዲላክ አዘዙ። ያ የጥበቃ ጊዜ እንዴት እንዳለፈ እኔና እሳቸው ነን የምናውቀው። አቶ ብናልፈው ዝቶ አልቀረም፤ ወሬውን ነዛው። ውል የሚያጽፉ ሰዎች በደጃችን አልፈው ወደ ሌላ ቤት ይሄዱ ጀመር። አንዱማ ገብቶ «ባዶ ቦታ የሌለበት ጽሑፍ ትጽፋላችሁ?» ብሎ ጠይቆን ሄደ። እትዬ ዘሀራ ስክሪናቸውን እየወለወሉ ተቀመጡ። የመጡልን መሪጌታ ብቻ ነበሩ፤ አዲስ ቅኔ ባይኖራቸው እንኳ አሮጌውን «እንደገና እናርመው» እያሉ ይመጡ ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱ መስመሮች በሌላ ማሽን የተጨመሩ መሆናቸው ተረጋገጠ። ቤቱ ለእማማ አትጠገብ ተመለሰ፤ ነጋዴው ላይ ሌላ ክስ ተከፈተ። ከችሎት ወጥተን መንገዱን ስንሻገር እትዬ ዘሀራ ደስታቸውን ይገልጹልኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «የዳኛው ጸሐፊ ውሳኔውን የጻፈበትን ወረቀት አየኸው? የቀኙን ኅዳግ በልቶታል፤» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በእያንዳንዱ ውል መጨረሻ፣ ከፊርማው በላይ ያለውን ባዶ ቦታ በሰረዝ እየሞሉ ዘጉት። ሰረዙን ሲመቱ ፊታቸው ይጨማደዳል። «ይኸው፣ ቆንጆዋን ልጅ ቁምጣ አለበስኋት፤» ይላሉ። ግን አንድም ቀን ሳይመቱት አልቀሩም። ደንበኞቹም ተራ በተራ ተመለሱ፤ አንዳንዶቹ ከሌላ ወረዳ ሳይቀር «የሰረዟ ሴትዮ የት ናት?» እያሉ መጡ።

ዐይናቸው ሲደክም ቤቱን ለኔ ትተው ሞጣ ገቡ፤ ታላቅ ወንድማቸው ሐጂ ኑሩ ጨርቅ የሚሸጡበት ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው ሰው ሲገሥጹ ይውላሉ ይባል ነበር። እኔም «በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ» እያልሁ ከረምሁ።

መርዶውን ለእማማ አትጠገብ ነገርኋቸውና በማግስቱ በጠዋቱ አውቶቡስ አብረን ሄድን። ሰማንያን ሳያልፉ አይቀሩም፤ ደብረ ወርቅን እስክናልፍ በመስኮቱ ዳር ተቀምጠው ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ጸሎት መስሎኝ ዝም አልኋቸው።

የሐጂ ኑሩ ግቢ በሰው ተሞልቷል። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን፤ ዱዓ ይደረጋል። እማማ አትጠገብ በዱላቸው እየተደገፉ በመካከል ገብተው፣ መቀነታቸውን አጠበቁና ድምፃቸውን ሊያነሡ ሲሉ ሐጂ ኑሩ እጃቸውን አነሡ። ነጭ ጢማቸው የተከረከመ፣ ኮስታራ ሰው ናቸው።

«እማማ፣ አላህ ዋጋዎን ይክፈልዎ። በኛ ዘንድ ግን ሙሾ አይወርድም። ለሟች ዱዓ ነው።»

«አንዲት ብቻ?»

«እማማ...»

«ከቢቸና ነው የመጣሁት፣ ልጄ። አውቶቡስ ላይ ደክሜባታለሁ።»

ሐጂ ኑሩ ዙሪያውን ተመለከቱ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። «እሺ፣ አንድ፤» አሉ።

እማማ አትጠገብ አልጮኹም፤ እንደሚያወሩ ሰው ቀስ ብለው አወጡት።

ዳር ዳሩን ለክታ ከዳር ያደረሰችኝ፣
ምነው ዛሬ እሷ መሐል ሜዳ ጣለችኝ።

ዱዓውም፣ የሴቶቹ ሹክሹክታም ቆመ። ባልቴቷ ቃላቸውን ጠብቀው፣ መቀነታቸውን ፈተው፣ ለመቀመጥ ቦታ መፈለግ ጀመሩ። ሐጂ ኑሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዐይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉ፤ ከዚያ ወደ ማንም ሳያዩ ተናገሩ።

«አንድ አልሁ እንጂ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አላልሁም። ይድገሟት።»